አንገቴንና ትከሻዬን የሚያመኝ ብርዱ ነው ወይስ ሥራዬ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ? የደብረ ብርሃን ነዋሪ ስሆን የዓይን ሕክምና ነርስ ነኝ፤ ዕድሜዬ 36 ነው። አዘውትሬ በስሊት ላምፕ፣ ማለትም ዓይንን በብርሃን አጉልቶ በሚያሳየው የጠረጴዛ ላይ መሣሪያ፣ ሕሙማንን ስመረምር እውላለሁ። የትራኮማ ዘመቻ ሲኖር ደግሞ ወደ ገጠር ወጥቼ የዓይን ቆባቸው ፀጉር ወደ ውስጥ ለታጠፈባቸው ሰዎች ቀዶ ሕክምና እሠራለሁ። ካለፈው ክረምት ጀምሮ አንገቴንና ቀኝ ትከሻዬን ያመኛል፤ የቀኝ እጄ ትንሿ ጣትና ከእሷ ቀጥላ ያለችው ጣትም ይደነዝዙኛል። ቤተሰቦቼ ብርድ ነው ይሉኛል። ዲክሎፌናክ ስወስድ ሕመሙ ቀለል ይላል፤ ጨጓራዬን ግን ያቃጥለኛል። ሥራ መቀየር ይኖርብኝ ይሆን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሳልመረምርዎት እርግጡን መናገር ባልችልም፣ የገለጿቸው ምልክቶች በይበልጥ የሚያመለክቱት ሥራዎን የሚሠሩበትን አቀማመጥ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናትና ብርዷ የደከመ ጡንቻን ይበልጥ ሊያሳስርና ሕመሙን ሊያጎላው ይችላል። ሆኖም ብርድ ሁለት ጣቶችን ብቻ ለይቶ አያደነዝዝም፤ ቆላው ሸዋ ሮቢት ቢዘዋወሩም በዚያው አቀማመጥ እስከሠሩ ድረስ ሕመሙ አብሮዎት ይወርዳል።

የአዋቂ ሰው ጭንቅላት 5 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። አንገት ወደ ፊት 60 ዲግሪ ሲያጎነብስ ግን በአከርካሪው ላይ የሚያርፈው ጫና በስሌት እስከ 27 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ከክብደቱ የሚብሰው ደግሞ አለመንቀሳቀሱ ነው፤ መርፌ ይዘው በዓይን ቆብ ላይ ሲሰፉ የአንገትና የትከሻ ጡንቻዎች ሳይላሉ ለረጅም ጊዜ ተኮማትረው ስለሚቆዩ በውስጣቸው የሚያልፈው ደም ይቀንሳል፣ ድካምና ሕመምም ይከተላል።

የጣቶችዎ መደንዘዝ ለብቻው ሊታይ የሚገባው ነው። ለትንሿ ጣትና ለጎረቤቷ ስሜት የሚሰጠው ነርቭ በክርን የውስጥ ጎን፣ ከቆዳ ሥር ብዙም ሳይርቅ ያልፋል። የዓይን ባለሙያ ሌንስ ይዞ ክርኑን አጥፎ በጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ሲያሳርፍ የሚጫነው ይህንኑ ነርቭ ነው። ከአንገት የሚወጣ ነርቭ ሲነካም ተመሳሳይ ስሜት ስለሚፈጥር ሁለቱን በአካል ምርመራ መለየት ያስፈልጋል። የደነዘዙት አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና የመሃል ጣት ቢሆኑ ኖሮ የእጅ አንጓዎን እጠረጥር ነበር።

ባለሙያዎቻችን ለሕመምተኛው ምቾት ሲሉ ራሳቸውን ያጣምማሉ፤ ደግነቱን ባከብርም ልማዱ መቅረት አለበት እላለሁ። በስሊት ላምፕ ሲመረምሩ የሕመምተኛውን ወንበርና ጠረጴዛውን ካስተካከሉ በኋላ የራስዎን ወንበር ከፍታ ሳያስተካክሉ አይጀምሩ። በመሣሪያው ውስጥ ሲመለከቱ ጀርባዎ ቀጥ ያለ፣ ትከሻዎም የወረደ ሊሆን ይገባል። ከክርንዎ ሥር የታጠፈ ፎጣ ወይም ስፖንጅ ያድርጉ። ሕፃን ከሆነ ወንበሩ ላይ ተንበርክኮ አገጩን ያስደግፍ እንጂ እርስዎ አያጎንብሱ።

በዘመቻ ላይ አልጋው ከፍና ዝቅ የማይል ስለሚሆን ጉዳዩ ይከብዳል። አልጋው ዝቅ ካለ እግሮቹን በጠንካራ ጣውላ ላይ አስቀምጦ ማሳደግ ይቻላል፤ እንዳይነቃነቅ ግን ሕመምተኛው ከመተኛቱ በፊት ያረጋግጡ። ሕመምተኛው ጭንቅላቱን እስከ አልጋው ጫፍ አምጥቶ ይተኛ፤ እርስዎም በራስጌው በኩል ጉልበቶችዎ ከአልጋው ሥር እንዲገቡ ሆነው ይቀመጡ። ማጉያ መነጽርዎ አጥርቶ የሚያሳይበት ርቀት ለቁመትዎ ካጠረ አንገትዎን ያለ ውዴታዎ ያስደፋዎታል፤ ሊቀየርልዎት ይገባል። በእያንዳንዱ ሰው መካከል ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆመው ትከሻዎን ወደ ኋላ ያሽከርክሩ፣ አገጭዎን ወደ ውስጥ ሳብ አድርገው አንገትዎን ቀና ያድርጉ። ቤት ሲገቡ ሙቅ ውሃ የያዘ ጠርሙስ በፎጣ ጠቅልሎ በሚያምዎት ቦታ ላይ ማሳረፍ ያስታግሳል።

ዲክሎፌናክን በተመለከተ፣ ጨጓራዎ እየተቃጠለ መቀጠልዎ ያሳስበኛል። መድኃኒቱ ጨጓራን ሊያቆስልና ሊያደማ፣ ኩላሊትንም ሊጎዳ ይችላል፤ በመርፌ መወጋትም ከዚህ አያድንም። ስለዚህ ያቁሙትና በምትኩ ምን ቢወስዱ እንደሚሻል ከሐኪም ጋር ይነጋገሩ። ወጌሻ ዘንድ ሄደው አንገትዎን ማስጠምዘዝንም አልመክርም፤ የነርቭና የደም ሥር ጉዳት ሊያስከትል ይችላል።

እጅዎ ዕቃ መጨበጥ ካቃተው፣ እግርዎ ከከበደ ወይም ሲራመዱ ከተንገዳገዱ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካስቸገረዎት በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ከሕመሙ ጋር ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና የክብደት መቀነስ ካለም የአከርካሪ ቲቢ እንዳይሆን ሳይዘገዩ መመርመር አለብዎት።

ሥራ መቀየር አሁን የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ይልቅ የዘመቻውን አስተባባሪ ቀዶ ሕክምናውንና ሕሙማንን መርምሮ የመለየቱን ሥራ ከባልደረባዎ ጋር በፈረቃ እንዲያደርጉላችሁ ይጠይቁ። ለጣቶችዎ መደንዘዝ በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ፤ የአንገቱና የትከሻው ሕመም ደግሞ ከላይ ያሉትን ለውጦች አድርገው በ6 ሳምንት ውስጥ ካልቀነሰ የፊዚዮቴራፒ ሕክምና እንዲጀመርልዎት ያመልክቱ።