አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) ባለበት ሰሞን ልጆችን ጣና ዳር ስለመውሰድ

እህቴ፣ «ባሕር ዳር አተት ገባ እየተባለ ነው፤ እሑድ ሁለቱን ልጆቼን ይዤ ጣና ዳር ብወጣ ያሰጋል ወይ? ማስክስ ላድርግላቸው?» ብለሽ ለጠየቅሽው፦ መውጣቱን ውጪ። ዛፍ ሥር መቀመጥ፣ ሣር ላይ ኳስ መጫወት አተት አያሲዝም። ማስኩን ግን ተዪው።

በ2012 ዓ.ም. ለኮሮና የተማርነው ነው አሁን የሚያምታታን። ኮሮና በትንፋሽ ስለሚተላለፍ መራራቅና አፍንጫ መሸፈን ይቀድም ነበር። አተት ሲባል የምንፈራው ኮሌራ ግን በትንፋሽ አይተላለፍም፤ ከዓይነ ምድር ወይም ከትውከት ወጥቶ በውሃ፣ በምግብና በእጅ አድርጎ አፍ ሲገባ ነው የሚይዘው። ከሰው ሁለት ሜትር ርቀሽ ብትቀመጪም፣ ያ ሰው ባልታጠበ እጁ የላጠውን ማንጎ ከበላሽ መራቅሽ ምንም አልጠቀመሽም። ደግሞ ጀርሙ ከገባባቸው ሰዎች ብዙዎቹ አይታመሙም፤ እንዲያም ሆኖ ከ1 እስከ 10 ቀን ያስወጡታል። ስለዚህ «ሁላችንም ደኅና ነን» ብሎ መጎራረስም ለጊዜው ይቅር።

ትልቁ ነገር እጅ ነው። ማዕድ ሲቀርብ እንዴት እንደምንታጠብ እስኪ ልብ በይ፦ ከመብላታችን በፊት ጣታችንን በውሃ ለቅለቅ፣ ከበላን በኋላ ግን የወጡን ቅባት ለማስለቀቅ በሳሙና ፈተግ ፈተግ። መሆን ያለበት ተገላቢጦሹ ነው። ሳሙናው ከምግብ በፊት ይምጣ፤ ቢያንስ 20 ሰከንድ፣ በጣቶች መሐልና በጥፍር ሥር ጭምር። እንጀራ የምንቆርሰው በጣት ጫፍ ስለሆነ ጥፍር ሥር የተደበቀው ነገር ከጉርሻው ጋር ነው የሚገባው። የልጆቹን ጥፍር ቅዳሜ ማታ ከርክሚላቸው።

መናፈሻው ውስጥ ቧንቧ አለ ብለሽ አትተማመኚ። ለአራት ሰው ለእጅ ብቻ 5 ሊትር ጀሪካን ያዢ። የባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ክዳን በጋለ ሚስማር ሦስት አራት ቦታ ቀዳዳ ካወጣሽለት ውሃው እየቆጠበ ይወርዳል፤ አንዱ ያዘንብላል፣ ሌላው ይታጠባል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው መጨረሻው ላይ ነው። በሳሙና በደንብ ታሽቶ ሐይቁ ውስጥ ይለቀለቃል፣ ወይም ሁሉም ተራ በተራ አንድ ሳፋ ውስጥ እጁን ይነክራል፣ ወይም በለበሱት ልብስ ይጠረጋል። ውሃ ይፍሰስበት፣ ከዚያ አራግፎ በነፋስ ማድረቅ ነው።

ሐይቁን ማየት እንጂ መግባት አይሁን። በተለይ ክረምት ላይ ጎርፉ የየሽንት ቤቱን ጠርጎ ያስገባበታል፤ ልጅ ደግሞ ሲንቦጫረቅ መዋጡ አይቀርም። አተት ባይኖርም እንኳ ዳር ዳሩን፣ ሣርና ቀንድ አውጣ ባለበት ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ፣ ቢልሃርዚያ አለ፤ እሱ መዋጥም አያስፈልገው፣ በቆዳ ነው የሚገባው።

የመጠጥ ውሃ ከቤት ይምጣ። ካፈላሽው፣ ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ፍልቅልቅ ካለ በኋላ 1 ደቂቃ ይበቃል። ደብረ ማርቆስ ላላችሁ ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆናችሁ 3 ደቂቃ ይሁን፤ ከፍታ ላይ ውሃ ሳይግል ነው የሚፈላው። በረኪና የምትጠቀሚ ከሆነ 5 በመቶ የሚል ጽሑፍ ያለበትና ሽቶ ያልተጨመረበት ብቻ፦ ለ1 ሊትር ጥሩ ውሃ 2 ጠብታ፣ ለደፈረሰ በንጹሕ ጨርቅ አጥልለሽ 4 ጠብታ፤ አነቃንቀሽ 30 ደቂቃ ጠብቂ። ውሃ አጋር የሚባለው የውሃ ማከሚያ ካለሽ ጠርሙሱ ላይ ያለውን መጠን ተከተይ። ዕቃው አፈ ጠባብ ይሁን፤ በባልዲ ከያዝሽው አንድ ልጅ ጣሳውን ከነእጁ ሲያጠልቅ የታከመው ውሃ መልሶ ተበከለ።

ምግብ ላይ ብዙ አልልም። ቆሎ ጥሩ ነው፤ እጅ እየሰደዱ ከመዝገን መዳፍ ላይ ማፍሰስ። ሙዝና ብርቱካን ራስሽ ልጠሽ። ተልጦ ውሃ የተርከፈከፈበት ሸንኮራ፣ በረዶ የገባበት ጁስ፣ ሰላጣ አይሁን፤ በረዶ ጀርሙን አይገድለውም። ዓሣ ከፈለጋችሁ ዓይናችሁ እያየ ተጠብሶ በትኩሱ። ከቤት የሠራሽው ወጥ ከ2 ሰዓት በላይ ለብ እንዳለ አይቆይ።

የሕፃን ዳይፐር በፌስታል አስረሽ ወደ ቤት መልሺ፤ ሐይቁ ዳር ልጅ አታጸዳጂ። ባለፉት ቀናት ያስቀመጠው ሰው ካለ ከነጭራሹ አይምጣ፣ ምግቡንም አይሥራ።

ቦርሳሽ ውስጥ ሁለት ፓኬት ኦአርኤስ (ሕይወት አድን ንጥረ ነገር) እና ባዶ ባለ 1 ሊትር ሃይላንድ ይኑር። አንድ ፓኬት ለአንድ ሊትር የታከመ ውሃ ነው፤ በግማሽ ሊትር ከበጠበጥሽው ጨው ይበዛና ልጁን ይጎዳዋል፣ በለስላሳ መበጥበጥም ክልክል ነው። 24 ሰዓት ያለፈው ይደፋ። የሩዝ እጥቢ የመሰለ ተቅማጥ ከጀመረው እዚያው ጀምሪለት፦ ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ ለሆነ ከ100 እስከ 200። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ቆይተሽ በማንኪያ ቀስ እያልሽ ቀጥዪ፤ ጡት የሚጠባም ይጥባ። ትውከቱ የወደቀበት ላይ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ አድርገሽ አፍስሺበትና 10 ደቂቃ ይቆይ።

«ማታ ይሻለው ይሆናል» አትበይ፣ ከፋርማሲ ፀረ ተሕዋሲያን ገዝተሽም አትሞክሪ፤ ኮሌራ በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። መንገድ ላይ እያጠጣሽው በአቅራቢያሽ ወዳለ ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ ስትደርሺም ስንት ጊዜ እንዳስቀመጠው፣ ምን እንደበላና ውሃ ከየት እንደጠጣ ንገሪያቸው።