ጡት ካስጣልሽ በኋላ የወር አበባ ሲዘገይ

እህቴ፣ ልጅሽን በ1 ዓመት ከ4 ወሯ ጡት ካስጣልሻት 5 ሳምንት እንደሆነ፣ የወር አበባሽ ግን ከወለድሽ ወዲህ እንዳልመጣ ጽፈሻል። አይዞሽ። እኔም እዚሁ ጅማ ሁለት ልጆች አጥብቻለሁ፣ ጭንቀቱን አውቀዋለሁ።

ልጅ ሲጠባ ፕሮላክቲን የሚባል ሆርሞን ይጨምራል። እንቁላል እንዳይወጣ የሚያደርገው እሱ ነው። ልጅ ጡት ከተወ በኋላም ሰውነት ወዲያው አይመለስም፤ ብዙ ሴቶች አንድ ሁለት ወር ይፈጅባቸዋል። መጀመሪያ ላይ መዛባቱም ያለ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ! እንቁላል ከመጀመሪያው የወር አበባ በፊት ሊወጣ ይችላል። ደም ሳታዪ ታረግዣለሽ ማለት ነው። «እያጠባሁ አላረግዝም» የሚባለው የሚሠራው ልጁ ከ6 ወር በታች ሆኖ፣ ቀንም ሌሊትም ጡት ብቻ እየጠባ፣ የወር አበባም ገና ካልመጣ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ማመን አይቻልም። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። የመጀመሪያ ልጄ ገንፎ ጀምሮ ነበር። ሄርማታ መርካቶ ጎመን እየመረጥኩ አቅለሸለሸኝ፤ በማግስቱ ከፋርማሲ የገዛሁት መመርመሪያ ሁለት መስመር አሳየኝ።

ስለዚህ ከባልሽ ጋር ያለ መከላከያ ከነበራችሁ፣ ነገ ጠዋት በመጀመሪያው ሽንትሽ ተመርመሪ። እርግዝና ከሌለ ታገሺ። ጡት ካስጣልሽ 3 ወር አልፎም ካልመጣ፣ ወይም መጥቶ በየሰዓቱ ሞዴስ የሚያስቀይር ደም ከሆነ ሐኪም ጋ ሂጂ። መከላከያ ከፈለግሽ ደግሞ የመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጥሻል፤ የወር አበባሽ እስኪመጣ አትጠብቂ።