ዝቋላ በእግሬ ብዬ ተስዬ በመኪና ደረስኩ፣ ስለቴ ፈርሷል?

ጥያቄ፦ መምህር እንደምን ሰነበቱ። የምኖረው እዚሁ ጅማ ነው። እናቴ ከህመሟ ከተነሳች ለመጋቢት አቦ ከቢሾፍቱ ዝቋላ ድረስ በእግሬ እሄዳለሁ ብዬ ተስዬ ነበር፣ እሷም ዳነችልኝ። ከጅማ በአውቶብስ ሄደን በደንብ ሳንተኛ ሌሊት ላይ ከቢሾፍቱ መንገድ ጀመርን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት አካባቢ አይኔ ጨለመብኝና ወደኩ፣ ውሃ አጠጡኝ፣ ከዛ በአይሱዙ ተራራው ስር አደረሱኝ። አብረውኝ የነበሩት ጾሙንም ገደፍሽ፣ ስለትሽም ፈረሰ፣ በረከቱንም አጣሽ አሉኝ። ከተመለስኩ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።

መልስ፦ እህቴ በመጀመሪያ እናትሽን እንኳን እግዚአብሔር ማረልሽ። ይሄን ያለሽ ሰው ያለ አልመሰለኝም።

ጓደኞችሽ ሦስት የተለያየ ነገር አንድ ላይ ጠቅልለው ነው የጫኑብሽ። ጾሙን እንይ። መጋቢት 5 መቼም ከዐቢይ ጾም ውጪ አይውልም፣ ስለዚ የዝቋላ ተጓዥ በየዓመቱ በጾም አፉ በዛ ፀሐይ ነው የሚሄደው፣ ሰው ይወድቃል። የወደቀ ሰው ደግሞ በሽተኛ ነው፣ ፍትሐ ነገሥቱም ታሞ መጾም ያቃተውን አይከስም። ገዳሙ ስትገቢ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ሥዕል አይተሻል አይደል? አንበሶቹንና ነብሮቹን ሁሉም ሰው ያያል፣ አይናቸው ጋ ያለችውን ወፍ ግን ብዙው ሳያስተውል ነው የሚያልፈው። ውሃ ጠምቷት ብትመጣ እንባቸውን ነው ያጠጧት። ራሳቸው እህል ውሃ ሳይቀምሱ የኖሩ ጻድቅ ለተጠማ ግን አልጨከኑም፣ ታዲያ ወደሳቸው ስትሄጂ ወድቀሽ አንድ ጉንጭ ውሃ ስላጠጡሽ ይቀየሙሻል እንዴ? በፍጹም።

በረከቱን አጣሽ ላሉሽ፣ ጃንደረባው ከኢትዮጵያ ኢየሩሳሌም ሊሰግድ ሄዶ ሲመለስ ሰረገላ ላይ ተቀምጦ ነበር፣ ፊልጶስም ውረድ አላለውም፣ እንደውም ራሱ ወጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ።

ስለቱ ላይ ግን አላቀልልሽም። አፍሽ በእግሬ ብሏል፣ መጽሐፈ መክብብም ተስሎ ካለመክፈል አለመሳል ይሻላል ይላል። ግን ምን መሰለሽ፣ እምቢ ብሎ ማፍረስና እየከፈሉ አቅም ማጣት አንድ አይደሉም፣ አንቺ እኮ እስክትወድቂ ድረስ ስትከፍዪ ነበር። ቢሆንም ራስሽን በራስሽ አትፍቺ፣ እኔም በጽሑፍ ልፈታሽ አልችልም፣ የንስሐ አባትሽ ናቸው ይሄን የሚያዩት። ስትሳዪ ያልሻትን ቃል ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ንገሪያቸው። ይበቃል ሊሉሽ ይችላሉ፣ ስግደት ወይ ምጽዋት ሊሰጡሽ ይችላሉ፣ ወይ ደግሞ ድገሚው። (በዚህ አጋጣሚ ሁላችሁንም እለምናችኋለሁ፣ ሆስፒታል በር ላይ በጭንቀት የመጣላችሁን ሁሉ አትሳሉ፣ እግዚአብሔር የምትችሉትን ነው የሚቀበለው።)

ያንን መንገድ እኔም ሄጄበታለሁ። ጠዋት መዝሙር ነው፣ እልልታ ነው፣ ስድስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ግን የጫማ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው፣ ሰው ለማውራትም አቅም የለውም። ግራር ስር አንዲት እናት ሸራ ጫማቸውን አውልቀው ተቀምጠው አየሁ፣ ተረከዛቸው ውሃ ቋጥሮ ፈንድቶ ካልሲው ቆዳቸው ላይ ተጣብቋል፣ ከያዙት ሃይላንድ ጠብ ጠብ እያረጉ አርሰው ቀስ ብለው ላጡት፣ የቀረችውን ውሃ አጠገባቸው ለነበረ ልጅ ሰጡና ጫማውን አንጠልጥለው ባዶ እግራቸውን ተነሱ። በእግራቸው ይድረሱ መኪና ያንሳቸው አላየሁም። ዝቋላ በተባለ ቁጥር አይኔ ላይ የሚመጣው ግን ያ ተረከዝ ነው።

ድገሚው ካሉሽ ጥቅምት 5ም አቦ ነው፣ ያኔ ዐቢይ ጾም የለም፣ ከክረምቱ በኋላ ስለሆነ ሜዳውም ገና አረንጓዴ ነው። በዋዜማው አትጓዢ፣ ከጅማ ጊቤን ወርዶ ወልቂጤን አልፎ አዲስ አበባ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ነው፣ ሁለት ቀን ቀድመሽ ሄደሽ ቢሾፍቱ በደንብ ተኚ። በሶና ውሃ ያዢ፣ አዲስ ጫማ አታድርጊ፣ ተራራው ራሱ ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ ስለሆነ ለሱ ጉልበት አስቀሪ። እናትሽም ከቻሉ ቢሾፍቱ ድረስ ይሸኙሽ።