በጀልባ ፍተሻ ሥራ ለተሰማራችሁ ወጣቶች

ልጆቼ፣ ጀልባ የምንፈትሸው ወራሪ ዛጎል (በቅርፊት የተሸፈነ ትንሽ የውሃ እንስሳ) ከሐይቅ ወደ ሐይቅ ይዞ እንዳይሄድ ነው። ሥራውን ስትጀምሩ ዓይናችሁ የሚፈልገው ዛጎሉን ነው። ሞተር ላይ ተጣብቆ የሚታይ ዛጎል ግን ብዙም አያስቸግርም፤ ታዩታላችሁ፣ ጀልባውን ታግዳላችሁ። የሚያመልጣችሁ ጀልባው ውስጥ የቀረው ውሃ ነው።

ዜብራና ኳጋ የሚባሉት መጤ ወራሪ ዛጎሎች እጫቸው በዓይን አይታይም። አንድ ቦታ ከመጣበቁ በፊት ሳምንታት ውሃ ውስጥ ይንሳፈፋል። አንዲት እንስት በዓመት እስከ 1 ሚሊዮን እንቁላል ልትጥል ስለምትችል፣ ጀልባ ውስጥ የቀረ ጥቂት ውሃ ቀላል ነገር አይደለም። መነሻቸው የጥቁር ባሕርና የካስፒያን አካባቢ ነው። በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ዜብራው የተገኘው በ1988 እ.ኤ.አ. ሲሆን ያመጣው የመርከብ ሚዛን መጠበቂያ ውሃ ነው። በ2007 ግን ኳጋው በምዕራብ አሜሪካ ከሁቨር ግድብ ጀርባ ባለው ሚድ ሐይቅ ተገኘ። እዚያ የውቅያኖስ መርከብ አይደርስም፤ የሚደርሰው በመኪና የሚጎተት ጀልባ ነው። ትልቅ ሐይቅ ውስጥ አንዴ ከተባዙ ደግሞ ማጥፋት አይቻልም ማለት ይቻላል። ግድቡ ውሃ የሚስብባቸውን ቱቦዎች እየተደራረቡ ይደፍናሉ።

ባለቤቱን አስቀድማችሁ «መጨረሻ የት ውሃ ላይ ነበር? መቼ ወጣ?» በሉት። «ንጹሕ ነው» የሚለውን እንደ መልስ አትቁጠሩት።

ከዚያ ታፖዎቹን (የውሃ ማውጫ ቀዳዳዎቹን ክዳኖች) በሙሉ አስከፍቱ። ሞተሩ ወደ ላይ ታጥፎ ከመጣ ቀጥ ብሎ እስኪቆም ዝቅ ይበል፤ ማቀዝቀዣው ውስጥ የቀረው ውሃ የሚወርደው ያኔ ነው። የወለሉን ሥር፣ የዓሣ ማቆያ ሳጥኑን፣ የመልህቁን ገመድ እዩ። ከሁሉ የሚያስቸግረው ማዕበል እንዲፈጥሩ የተሠሩት ጀልባዎች ባላስት ታንክ (ጀልባውን ለማክበድ ውሃ የሚሞላበት ገንዳ) ነው። ፓምፑ ውሃውን አሟጦ አያወጣውም፣ ከታች ሁልጊዜ ውሃ ይቀራል፤ ባለቤቱ ባዶ ነው ብሎ ቢምልም እውነቱን ሊሆን ይችላል፣ አያውቀውማ። የጀልባውን ሆድ ደግሞ በመዳፋችሁ ዳብሱት። ለስላሳ መሆን የነበረበት ቦታ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ከሻከራችሁ ገና የተጣበቁ ትንንሽ ዛጎሎች ናቸው።

እጥበት ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሙቀቱን ማሽኑ ላይ አንብቦ ስለሚረካ ነው። ውሃው ከቱቦው አፍ እስከ ጀልባው ድረስ ይቀዘቅዛል። የሚፈለገው 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የጀልባው ገላ ላይ ነው፣ በእያንዳንዱ ቦታ ቢያንስ 10 ሰከንድ። ቱቦውን ቶሎ ቶሎ ካወዛወዛችሁ ዛጎሉን ታረጥቡታላችሁ እንጂ አትገድሉትም። ታንኮችንና ፓምፖችን ያን ያህል ሙቀት ሊጎዳቸው ስለሚችል በ50 ዲግሪ ገደማ ከሁለት ደቂቃ በላይ አጥቡ፤ ቴርሞሜትሩን ውሃው በሚወጣበት በኩል ያዙ። የግፊት ኃይል ብቻውን የሚታየውን ይነቅላል፣ ስንጥቅ ውስጥ ያለውን አይነካም። በረኪናንም አትመኑት፤ ዛጎሉ መጥፎ ነገር ሲሰማው ክዳኑን ገጥሞ ለቀናት ይቆያል፣ የጀልባውን ጎማና ብረት ግን በረኪናው ይበላዋል። እጣቢው ወደ ሐይቁ በማይመለስበት ቦታ እጠቡ። የሞተውንም ዛጎል ፍቁ፣ አለበለዚያ ቀጣዩ ፈታሽ ከየት እንደመጣና መቼ እንደሞተ ሊለይ አይችልም።

ማድረቅ ይሠራል፣ ቀኑን የሚወስነው ግን አየሩ ነው። በደረቅና ሞቃት ቦታ ቶሎ ይሞታሉ፤ በቀዝቃዛና እርጥብ አየር እስከ 30 ቀን ሊቆዩ ይችላሉ። ውስጡ ውሃ ያቆረ ጀልባ ስንት ቀን ቢቆም ደርቋል አይባልም።

(ጀልባ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ በ2021 አሜሪካ ውስጥ ለዓሣ ማሳያ ገንዳ በሚሸጡ ኳስ መሰል የአልጌ ጉንጉኖች (ሞስ ቦል) ላይ ዜብራ ዛጎል ተገኝቷል።)

ዛጎል ካገኛችሁ ጀልባውን ወደ ውሃ አታስገቡ፣ ፎቶ አንሱ፣ ናሙናውን አልኮል ውስጥ አስቀምጡ፣ ለሚመለከተው ክፍል ደውሉ። ንጹሕ የሆነውን ጀልባ ከተጎታቹ ጋር በማኅተም ሽቦ እሰሩት። ሽቦው ተቆርጦ ከመጣ፣ ባለቤቱ የቱንም ያህል ቢቸኩል፣ ፍተሻው እንደገና ከታፖው ይጀመር።