የአርቪ ባትሪን ወደ ሊቲየም መቀየር፦ ከባትሪው በፊት ባትሪውን የሚሞሉትን እይ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ላላነበቡት ባጭሩ ልድገመው። ዴንቨር ነህ፤ በፎርድ ኢ-450 ላይ የተሠራ ክላስ ሲ ሞተርሆም (አርቪ፣ ማለትም መኖሪያ ያለው መኪና) አለህ፤ መወጣጫው ደረጃ ሥር 100 አምፒር-ሰዓት (የባትሪ አቅም መለኪያ ነው) የሚይዙ ሁለት ባለ 12 ቮልት የአሲድ ባትሪዎች ተቀምጠዋል። ሻጩ «አሮጌውን አውጥተህ ሊቲየሙን እዚያው ማስገባት ነው፣ ሌላ ነገር አይነካም» ብሎሃል። ተራራ ላይ ቡና ማፍላት፣ ከተቻለም እንጀራ መጋገር ትፈልጋለህ።

ባትሪው ቦታው ላይ ይገባል፣ እውነት ነው። «ሌላ ነገር አይነካም» የሚለው ግን ልክ አይደለም። ባትሪህን የሚሞሉት ሦስት ናቸው፦ የሞተሩ ዲናሞ፣ የካምፑን መብራት ወደ 12 ቮልት የሚቀይረው ኮንቨርተር እና ሶላሩ። ሦስቱም የተገጠሙት ለአሲድ ባትሪ ታስበው ነው።

መጀመሪያ ግን መጠኑን እናስላ። 1500 ዋት የሚወስድ የኤሌክትሪክ ምጣድ በኢንቨርተር (የባትሪውን 12 ቮልት ወደ ቤት መብራት በሚቀይረው ዕቃ) ሲሠራ አሥር በመቶ ያህሉ ይባክናልና ከባትሪው ወደ 1670 ዋት ይወጣል። ለ12.8 ቮልት ስታካፍለው 130 አምፒር ነው። ምጣዱ ከጋለ በኋላ እየጠፋ እየበራ ስለሚሠራ ሰዓቱን ሙሉ እንዲህ አይበላም፤ ባበራ ቁጥር ግን 130 አምፒር ይስባል። ቡናን በ1000 ዋት ስቶቭ ቆልተህ እስክታፈላ 35 ደቂቃ ብንል ወደ 50 አምፒር-ሰዓት ነው። የማሞቂያው ማራገቢያ ከ7 እስከ 8 አምፒር ይወስዳል፤ ከአሥር ሰዓት ሌሊት ግማሹን ቢሠራ 40 ገደማ ይበላል። ለመብራት፣ ለውሃ ፓምፕና ለስልክ 20 ጨምር። ያለ እንጀራ በቀን 110 አምፒር-ሰዓት ማለት ነው።

ያሉህ ሁለት የአሲድ ባትሪዎች ተደምረው 200 ቢባሉም፣ ዕድሜያቸውን ሳታሳጥር የምትጠቀመው ግማሹን ብቻ ነው። ምጣድ ስትሰካባቸው ደግሞ ቮልቴጁ ወዲያው ይወርድና ኢንቨርተሩ እየጮኸ ይጠፋል። 200 አምፒር-ሰዓት ሊቲየም ከገዛህ ከ160 እስከ 180 ያለ ስጋት ትጠቀማለህ፤ ቮልቴጁም እስከ መጨረሻው አካባቢ ከ12.8 ብዙ አይርቅም።

እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ አለ። ሁሉም የሚያየው ባትሪው ላይ በትልቁ የተጻፈውን አምፒር-ሰዓት ነው። አንተ በትንሹ የተጻፈውን የቢኤምኤስ ቁጥር አንብብ፤ ባትሪው ውስጥ ያለው መቆጣጠሪያ ያለማቋረጥ ስንት አምፒር እንደሚያሳልፍ የሚነግርህ እሱ ነው። ቢኤምኤሱ 100 አምፒር ብቻ የሚያሳልፍ ባለ 200 አምፒር-ሰዓት ባትሪ ገበያ ላይ አለ። ቡናህን ያፈላልሃል፤ ምጣዱን ስታበራ ግን ይቆርጣል። ስለዚህ ወይ 200 አምፒር ቢኤምኤስ ያለው አንድ ባትሪ፣ ወይ 100 አምፒር ያላቸው ሁለት ባትሪዎች በፓራሌል (ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ) የምታያይዛቸው ግዛ። ለእንጀራው ብቻ ብለህ ግን ሦስተኛ ባትሪ አትጨምር። ጄኔሬተርህን አንድ ሰዓት አስነሳና ምጣዱን በቀጥታ በእሱ አሠራ፤ የሚተርፈው ኃይል ባትሪውንም ይሞላልሃል።

ወደ ዲናሞው እንምጣ፤ ብዙ ጉዳት የሚደርሰው እዚህ ነው። አሁን ሞተሩ ሲነሳ አንድ ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማገናኛ) የሞተሩን ባትሪና የቤቱን ባትሪ፣ ማለትም ለመኖሪያው ክፍል ኃይል የሚሰጠውን፣ ያገናኛል። የአሲድ ባትሪ የውስጥ መቋቋሙ ከፍ ያለ ስለሆነ መሙላት እንደጀመረ ራሱ የሚቀበለውን ይቀንሳል። ሊቲየም እንዲህ አይደለም፤ እስኪሞላ ድረስ ዲናሞው የሚችለውን ሁሉ ይስባል። ዲናሞ የሚቀዘቅዘው በራሱ ማራገቢያ ነው፤ መኪናው ቆሞ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ማራገቢያውም ይዘገያል፣ የሚጠየቀው አምፒር ግን አይቀንስም። ያኔ ይግላል፣ ዳዮዶቹና ጥቅልሉ ይቃጠላሉ። ብዙ ሰው የሚፈራው ቢኤምኤሱ ድንገት ሲቆርጥ የሚፈጠረውን የቮልቴጅ ዝላይ ነው። ባንተ መኪና የሞተሩ ባትሪ እንደተያያዘ ስለሚቆይ ዝላዩን ያለዝበዋል፤ ዋናው ጠላትህ ሙቀቱ ነው።

መፍትሔው ዲሲ-ዲሲ ቻርጀር ነው፤ ከዲናሞው የሚወሰደውን አምፒር ገድቦ ባትሪውን የሚሞላ ዕቃ ነው። እንደ ቪክትሮን ኦሪዮን ያለ ባለ 30 አምፒር በቂህ ነው፤ ለባትሪው 30 ሲሰጥ ከዲናሞው የሚወስደው ወደ 40 ነው። አራት ሰዓት ስትነዳ 120 አምፒር-ሰዓት ይገባልሃል፤ የቀን ፍጆታህ ተመለሰ ማለት ነው። ከሞተሩ ባትሪ ተነስቶ የሚመጣው ገመድ ከ5 እስከ 6 ሜትር ከሆነ 4 ጌጅ፣ ማለትም 21 ስኩዌር ሚሊሜትር አድርገው። ሁለቱም ጫፍ ላይ ባትሪ ስላለ ፊውዝ በሁለቱም ጫፍ ያስፈልጋል፤ ለባለ 30ው በየጫፉ 60 አምፒር። ማብሪያውን ሽቦ ቁልፉ ሲዞር ብቻ ኃይል ከሚያገኝ መስመር ውሰድለት፤ አለዚያ ቆመህ ስታድር የሞተሩን ባትሪ ወደ ሊቲየሙ ሲገለብጥ ያነጋል።

የድሮውን ሪሌ ግን እንዳትረሳ። ቻርጀሩን ገጥመው ሪሌውን እንደተያያዘ የሚተዉ አሉ። ያኔ ቻርጀሩ ወደ ሊቲየሙ የላከው በሪሌው በኩል ወደ ሞተሩ ባትሪ ይመለሳል፣ ቻርጀሩም መልሶ ይወስደዋል፤ እዚያው በክብ ይዞራል። ቻርጀሩ ይግላል፣ ባትሪው አይሞላም፣ ሰውየው ቻርጀሩን «ብልሹ ነው» ብሎ ይመልሳል። ከሪሌው የሞተሩን ወገን ገመድ አውጥተህ ወደ ቻርጀሩ መግቢያ፣ የቤቱን ወገን ደግሞ ወደ መውጫው ውሰድ። ከዚያ በኋላ የሞተሩ ባትሪ ሲሞት ዳሽቦርዱ ላይ የምትጫነው የእርዳታ ማስነሻ ቁልፍ አይሠራም፤ ስለዚህ ጀምፐር ኬብል ያዝ።

ኮንቨርተሩን ለማወቅ ከፊውዞቹ በታች ያለውን ምልክት አንብብ። በብዙ የአሜሪካ ክላስ ሲዎች ላይ የሚገኘው ባለ 55 አምፒሩ ደብሊውኤፍሲኦ 8955 ሦስት ደረጃ አለው፦ 14.4፣ 13.6 እና 13.2 ቮልት። ገመዱ ረጅም ሲሆን ወደ 14.4ቱ ሳይወጣ 13.6 ላይ ይቆያል። በ13.6 ሊቲየም ባትሪ ይሞላል፣ ግን መጨረሻው ላይ በጣም ይጓተታል፤ ከዚህ የሚብሰው ብዙ ቢኤምኤሶች አራቱን ሴሎች ማመጣጠን የሚጀምሩት ቮልቴጁ ወደ 14 ሲጠጋ መሆኑ ነው። ለወራት በ13.6 ብቻ ሲሞላ የኖረ ባትሪ ሴሎቹ ይራራቁና አንዱ ቀድሞ ሲሞላ ሁሉም ይቆረጣል። ሙሉውን ሳጥን መቀየር የለብህም፤ የታችኛውን ክፍል ብቻ የሚተካ የሊቲየም ሰሌዳ ይሸጣል፣ ፕሮግረሲቭ ዳይናሚክስም እዚያው ሳጥን ውስጥ የሚገባ ይሠራል። ከመግዛትህ በፊት አንድ ነገር አጣራ፦ አንዳንዱ የሊቲየም ኮንቨርተር 14.6 ላይ ወጥቶ ከዚያ አይወርድም። እንዲህ ያለ ከሆነ መኪናውን ለወራት ከመብራት ጋር ሰክተህ አትተው።

ሶላሩ ቀላል ነው። መቆጣጠሪያው የሊቲየም ምርጫ ካለው እሱን ምረጥ፤ ከሌለው 14.2 ወይም 14.4 ላይ አድርገህ «ኢኩዋላይዝ» የሚለውን (ለአሲድ ባትሪ ሆን ብሎ ቮልቴጁን ከፍ የሚያደርገውን) አጥፋ፣ በሙቀት መጠን ቮልቴጅ የሚያስተካክለውንም አጥፋ። ይህ ሁለተኛው ካልጠፋ በብርድ ቀን ቮልቴጁን ከፍ ያደርግና ቢኤምኤሱ ይቆርጣል።

አሁን ብርዱ፤ ዴንቨር ስለሆንክ ይህን በጥሞና ያዘው። ሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ (እስካሁን ሊቲየም ያልኩህ እሱ ነው) ውስጡ ከ0 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሳለ መሙላት የለበትም። ሊቲየሙ ካርቦኑ ውስጥ መግባቱን ትቶ ላዩ ላይ እንደ ብረት ይለበጣል፤ ያ ጉዳት አይመለስም። ኃይል መስጠት ግን በብርድም ይችላል። ስለዚህ በብርድ ጊዜ መሙላትን የሚቆርጥ ቢኤምኤስ የሌለውን ባትሪ በርካሽ ቢሰጡህም አትግዛ። ደረጃው ሥር ያለው ሳጥን ለውጭ አየር ክፍት የሆነው የአሲድ ባትሪ ሃይድሮጂን ስለሚተፋ ነው። ሊቲየሙ ሲሞላ እንዲህ ያለ ጋዝ ስለማያወጣ ወደ ውስጥ፣ ምግብ ጠረጴዛው ወንበር ሥር አግባው፤ ቤቱ ሲሞቅ እሱም ይሞቃል። ውጭ መተው ግድ ከሆነብህ የራሱ ማሞቂያ ያለውን ግዛ።

ቦታ ስትቀይር ገመዱም ይቀየራል። ለ2000 ዋት ኢንቨርተር 2/0 ጌጅ፣ ማለትም 67 ስኩዌር ሚሊሜትር ገመድ ተጠቀም፤ ከባትሪው ፖዘቲቭ በ18 ሴንቲሜትር ውስጥ ደግሞ 250 አምፒር ክላስ ቲ ፊውዝ አድርግ። ርካሹን ፊውዝ አትምረጥ። ሊቲየም ሾርት ሲያደርግ በሺዎች የሚቆጠር አምፒር ይለቃል፤ ደካማ ፊውዝ ቢቀልጥም ብልጭታው በመሃሉ መዝለሉን ሊቀጥል ይችላል። ክላስ ቲ 20,000 አምፒር ድረስ ይቆርጣል።

ስታስር የገመዱ ቀለበት በቀጥታ የባትሪውን ፖል ይንካ፤ ሮንዴላው ከላይ፣ ቡሎኑ ከዚያ በላይ። ሮንዴላውን ከሥር አድርገህ ካሰርክ 130 አምፒሩ በቀጭን ብረት ሲያልፍ ፖሉ ይግልና ዙሪያው ያለው ፕላስቲክ ይቀልጣል። ምጣዱ አሥር ደቂቃ ከሠራ በኋላ በሙቀት መለኪያ እያንዳንዱን ቡሎን እይ፤ ከሌሎቹ ለይቶ የጋለው ያልጠበቀ ነው። የአሜሪካ አርቪ 12 ቮልት መስመር ላይ ደግሞ ጥቁር ሽቦ ብዙ ጊዜ ፖዘቲቭ ነው፣ ነጩ ኔጋቲቭ። ጥቁር ስላየህ ብቻ ኔጋቲቭ ነው አትበል፤ እያንዳንዱን በቴስተር ለካ።

ለመንቀል ሶላሩን ከፓነሉ ወገን ቁረጥ፣ ከመብራት ንቀል፣ ከዚያ የባትሪውን ኔጋቲቭ አስቀድመህ ፍታ። ሁለት ባትሪ ከሆነ ከማገናኘትህ በፊት እያንዳንዱን ለብቻው ሙሉ አድርግ። ቮልቴጃቸው እኩል መሆኑ አያታልልህ፤ 13.2 የሚያሳዩ ሁለት ባትሪዎች በውስጣቸው ያለው ኃይል በጣም ሊራራቅ ይችላል። ስታገናኝ ፖዘቲቩን ከአንዱ፣ ኔጋቲቩን ከሌላው ውሰድ፤ እኩል እንዲሠሩ።

በሩ አጠገብ ያሉት የባትሪ መብራቶች ከዚህ በኋላ አይጠቅሙህም። የሚያነቡት ቮልቴጅን ነው፤ ሊቲየም ደግሞ እስኪያልቅ ድረስ «ሙሉ» እያስባላቸው ቆይቶ በአንዴ ይጨልማል። ኔጋቲቩ ላይ ባለ 500 አምፒር ሻንት (የሚገባውንና የሚወጣውን አምፒር የሚለካ ዕቃ) ግጠም፤ ምንም ኔጋቲቭ ሽቦ ሻንቱን ዘሎ ባትሪው ላይ እንዳይቀር። ስታስተካክለው የሞላበትን ቮልቴጅ 14.0፣ የመጨረሻውን አምፒር (ባትሪው ሊሞላ ሲል የሚቀበለውን) የአቅሙን 4 በመቶ፣ ፒውከርትን (ጭነት ሲበዛ የሚቀንሰውን አቅም የሚያሰላውን ቁጥር) 1.05 አድርግ።

ስለ ጄኔሬተርህ ደግሞ፦ ብዙ ክላስ ሲዎች ላይ ያለው ባለ 4000 ዋት ኦናን የሚነሳው በቤቱ ባትሪ ነው፤ ሞተሪኖው ለቅጽበት ከ100 አምፒር በላይ ሊስብ ይችላል። አንድ ባለ 100 ቢኤምኤስ ብቻ ካለህ ስታስነሳው ቤቱ ሁሉ ሊጠፋ ይችላል። ባትሪው ቆርጦ ፖሉ ላይ 0 ቮልት ካየህ ሞተ ብለህ አትጣለው፤ ጭነቱን ሁሉ አጥፋና ቻርጀር ስጠው። ቻርጀሩ ባትሪ አላየሁም ብሎ እምቢ ካለ፣ ባለ 12 ቮልት የአሲድ ባትሪ በጀምፐር ለጥቂት ሰከንድ አገናኝተህ ቀስቅሰው፣ ወዲያውም ፍታው።