የካሳቫ ማሸጊያ ለመሥራት ለጠየቅከው፦ ከሁሉ በፊት ግሊሰሪኑን አጣራ

ወንድሜ፣ «ከካሳቫ ስታርች (ከሥሩ ከሚወጣው ነጭ ዱቄት) የምግብ ከረጢት ቤቴ ሠርቼ መሸጥ እችላለሁ ወይ?» ያልከውን አየሁት። ትችላለህ። እኔ ወላይታ ሶዶ ሆኜ ሠርቼዋለሁ። አሠራሩን አልደግምልህም፤ ስታርቹ ከ70 ዲግሪ ሲያልፍ ወፍሮ ጥርት እንደሚል ሞክረህ አይተኸዋል። እኔን ያከሰረኝን ልንገርህ።

1. ግሊሰሪን፣ ማለትም ከረጢቱን የሚያለሰልሰውን ወፍራም ፈሳሽ፣ ርካሽ አገኘሁ ብለህ እንዳትገዛ። ያለ እሱ ከረጢቱ ሲደርቅ ይሰባበራል። እኔ ለ100 ግራም ስታርች 30 ግራም እጨምራለሁ። ያኔ ሳሙና ለሚሠሩ ከሚሸጥበት ሱቅ 20 ሊትር ገዛሁ። ግሊሰሪን ያው ግሊሰሪን ነው አልኩ። ሦስት ወር ለፋሁ። እህቴ ከሥራ መልስ እያመሸች ታደርቅልኝ ነበር። 600 ከረጢት ሲሞላልኝ ናሙና ይዤ ፈቃድ ልጠይቅ ሄድኩ።

የፈቃድ ቢሮው ሰውዬ ናሙናውን በእጁ እንኳን አልነካውም። «የግሊሰሪኑ የጥራት ወረቀት የታለ?» አለኝ። የለኝም። «በ2017 ፌስታል ተከለከለ ሲባል ሁሉም ፋብሪካ ከፋች ሆነ» ብሎ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማ አሳፈረኝ። አነጋገሩ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ጥያቄው ግን ልክ ነበር። ለምግብ ተብሎ ያልተጣራ ግሊሰሪን ውስጥ ሜታኖል የሚባል መርዛማ አልኮል ሊቀር ይችላል። ልጅ የሚበላው ቆሎ የሚገባበት ነገር ነው! 600ውንም ጓሮ ቀበርኩት። የእህቴን ፊት ማየት ከበደኝ።

2. እርጥበት። ስታርች ውሃ ይጠጣል። ወጥ፣ እርጎ፣ ሥጋ አታስብ። የንብ ሰም ቀብቼ ሞክሬያለሁ፤ ትኩስ ነገር ሲነካው ሰሙ ቀልጦ ከረጢቱ ይላሽቃል። በክረምት ደግሞ ሳይደርቅ ይሻግታል፤ እኔ ሐምሌና ነሐሴ ጨርሶ አልሠራም። አፉን በሙቀት ልዝጋ ብዬ በደንብ አልያያዝልኝም፤ በራሱ በስታርቹ ሙጫ ለጥፈው።

በሁለተኛው ዙር ለምግብ የሚሆነውን ግሊሰሪን ከነወረቀቱ ገዛሁ። ዋጋው ያማል። ግን ያው ሰውዬ ወረቀቱን አገላብጦ አይቶ ፋይል ከፈተልኝ። አሁን አንዲት እናት ቆሎና ዳቦ ቆሎ በእኔ ከረጢት ይሸጣሉ። ያን ጓሮ የቀበርኩትንም በሁለተኛው ወር ቆፈርኩት፤ አፈር ብቻ ነው ያገኘሁት። እህቴን ጠርቼ አሳየኋት።

ሻጩ ወረቀት አለኝ ካለህ ገንዘብ ሳትከፍል ፎቶውን እዚህ ላክልኝ፤ አብረን እናየዋለን።