ሲስተር ትመልሳለች፦ «መንፈስ ነው ወይስ በሽታ?» እና ሌሎች የሐዋሳ ጥያቄዎች

ሲስተር፦ እንዴት አመሻችሁ። ቃል በገባሁት መሠረት ዛሬ ማታ ቁጭ ብዬ እመልሳለሁ። ለማታውቁኝ፣ እዚሁ ሐዋሳ የአእምሮ ህክምና ነርስ ሆኜ 14 ዓመት ሠርቻለሁ። የዛሬው ጉዳይ የአእምሮ ሕመም ሲመረመር የሰውየው ባህል፣ እምነት፣ ቋንቋና ኑሮ እንዴት ይታያል የሚለው ነው። ሁለት ነገር ከወዲሁ ልበል። እዚህ በጽሑፍ ለማንም «እንዲህ ያለ በሽታ አለብህ» አልልም። የጀመራችሁትን መድኃኒት ደግሞ ሐኪማችሁን ሳታማክሩ አታቋርጡ። ይህቺን ሌሊቱን ሙሉ ብደግማት አይሰለቸኝም።

የአቶቴው፦ ሲስተር፣ የአክስቴ ልጅ ለብቻው ያወራል። ከሰው ተለይቷል። ቤተሰቡ መንፈስ ነው ይላል፣ እኔ በሽታ ነው እላለሁ። ማነው ትክክል?

ሲስተር፦ ስንት ቤተሰብ ነው በዚህ ጥያቄ የተጣላው። እኔ በምርመራ ክፍል «መንፈስ ነው ወይስ በሽታ?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ብጠይቅ ቤተሰቡ ወይ ይደብቀኛል ወይ ተነስቶ ይሄዳል። የምጠይቀው «እንደ ድሮው መሆን የተወው ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብዬ ነው። እንቅልፉስ? ይበላል? ገላውን ይታጠባል? ሥራውን ትቷል? ከዚያ በኋላ ነው ወደ እምነቱ የምሄደው።

ትልቁ ስህተት የሚሠራውም እዚያ ላይ ነው። አንድ ሰው «ቡዳ በላኝ» ስላለ ብቻ አእምሮው ታመመ አይባልም። ሰፈሩ ሁሉ የሚያምነውን ነው የነገረን። ዲኤስኤም የምንለው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የአእምሮ ሕመሞች መለያ መጽሐፍ እንኳ የሰውየው ማኅበረሰብ በተለምዶ የሚቀበለውን እምነት የሕመም ምልክት አድርጎ አይቆጥረውም። ታዲያ የቱ የተለመደ፣ የቱ ከልምድ የወጣ እንደሆነ ማን ያውቃል? ብዙ ጊዜ ከእኔ ይልቅ እናትየው ታውቃለች።

አንድ ወጣት ትዝ ይለኛል። የሰፈራቸው ትራንስፎርመር ሐሳቡን እየሰረቀ ለጎረቤት የሚያስተላልፍ ይመስለው ነበር። እናቱ በቡዳም በዓይነ ጥላም የሚያምኑ ሴት ናቸው፣ አንገታቸው ላይ ክታብ አለ። ልጁ ሲናገር ዝም ብለው ሰሙ። ከዚያ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ በቀስታ፣ «ልጄ፣ ይሄስ እኛ ጋ የለም» አሉኝ። እኔ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ፎርም ስሞላ ያላገኘሁትን በአንድ ቃል ነገሩኝ። በመንፈስ የሚያምን ሰው መንፈስ ምን እንደሚመስል ያውቃል፣ ከዚያ የወጣ ነገር ሲያይም ቶሎ ይለየዋል።

ስለዚህ አክስትህን «ተሳስተሻል» አትበላት። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» በላት። መልሱን ይዘህ ተመለስ።

የታቦር ልጅ፦ ዛር በፈረንጆቹ መጽሐፍ ውስጥ አለ የሚባለው እውነት ነው?

ሲስተር፦ ነበረ። በ1994 እ.ኤ.አ. በወጣው አራተኛው ዲኤስኤም፣ ከባህል ጋር የተያያዙ ሕመሞች ተብለው ከተዘረዘሩት ውስጥ ዛር ነበረበት። በ2013 የወጣው አምስተኛው እትም ዝርዝሩን ወደ ዘጠኝ ሲያሳጥረው ዛር ቀረ። መቅረቱ አላስከፋኝም። ለሥራዬ የጠቀመኝ በዚያው እትም የገባው 16 ጥያቄ ያለው ቃለ መጠይቅ ነው። ችግርህን ለቤተሰብህ ወይ ለጓደኛህ ስትነግር ምን ብለህ ነው የምትነግራቸው? ምክንያቱ ምን ይመስልሃል? እስካሁን መፍትሔ ፍለጋ የት የት ሄድክ? ይላል። ይህቺን የመጨረሻዋን ፊትህን ሳታጨማድድ ከጠየቅክ ስንት ጠበል፣ ስንት ቃልቻ፣ ስንት ፓስተር ጋ እንደዞሩ አንድ በአንድ ይነግሩሃል።

ወደ ዛር ልመለስ። መንፈሱ የሚመጣው ማኅበረሰቡ በሚያውቀውና በሚቀበለው ሥርዓት ውስጥ ከሆነ፣ ሰውየውንም ካልጎዳው፣ ሕመም ብለን አንጽፍም። ሳይፈልገው እየመጣ ሲያሰቃየው፣ ኑሮውን ሲያናጋበት ነው ወደ እኛ መምጣት ያለበት።

ማሜ፦ ሲስተር ጭንቀት አለብኝ፣ ምን ልውሰድ?

ሲስተር፦ ይህንን ብቻ ይዤ ምን ልበልህ ወንድሜ? ሄደህ ታይ። በጽሑፍ መድኃኒት አላዝም።

የቱላው መምህር፦ ሲስተር በጣም እየተለሳለስሽ ነው። ስንቱ ወጣት ነው ጠበል ቦታ ዓመት ሙሉ የሚባክነው። በግልጽ ልታወግዢው ይገባል።

ወለተ ሚካኤል፦ አንተ ማነህና ነው የምታወግዘው? ወንድሜ ሦስት ዓመት ኪኒን ውጦ ያላገኘውን ጤና ያገኘው ሸንኮራ ዮሐንስ ነው።

የቱላው መምህር፦ ኪኒኑን በትክክል ስለመዋጡ ማስረጃ አለሽ?

ወለተ ሚካኤል፦ እኔ ነኝ እጁ ላይ አድርጌ የምሰጠው፣ አንተ የት ነበርክ!

ኢማን ከሐይቅ ዳር፦ እኛ ሙስሊሞች ጋም ሩቅያ አለ እኮ፣ ቁርኣን እየተቀራ የሚደረግ ሕክምና። ለምን ስለ ጠበል ብቻ ይወራል?

የቱላው መምህር፦ እሱም ያው ነው።

ኢማን ከሐይቅ ዳር፦ እንዴት ነው ያው የሚሆነው? የማታውቀውን ነገር አትናገር።

ሲስተር፦ በቃ፣ በቃ። እዚህ የመጣነው ለክርክር አይደለም። መምህር፣ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ እምነቱ ቦታ ነው። እሱን ካወገዝኩ የማጣው በሽተኛውን ነው። እህቴ ወለተ፣ ወንድምሽ በመዳኑ ደስ ብሎኛል፣ ከልቤ ነው። ጠበል ሂዱ፣ ሩቅያም አስደርጉ፣ ጸልዩ። ኪኒኑን ግን ይዛችሁ ሂዱ። ጠበልና መድኃኒት ጎን ለጎን እንዲሄዱ ከጠበል ቦታ አገልጋዮች ጋር ተባብሮ መሥራት እዚሁ አገራችን ውስጥ ተሞክሯል። የሚቻል ነገር ነው።

አጥብቄ የምቃወመው ሁለት ነገር አለ። አንዱ ሰው በሰንሰለት ማሰር ነው። ሁለተኛው መድኃኒት ማስጣል ነው። በተለይ ሊትየም የሚባለውን የስሜት መዋዠቅ ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካላችሁ ልብ በሉ። ሲያስመልሰው፣ ሲያስቀምጠው፣ ወይም ውኃ ሳይጠጣ ሲውል መድኃኒቱ ደሙ ውስጥ ተጠራቅሞ ሊመርዘው ይችላል። እጁ ክፉኛ ከተንቀጠቀጠ፣ ከተንገዳገደ፣ ምላሱ ከተያያዘ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት አድርሱት። ጾም ሲገባ፣ ሮመዳንም ይሁን ሁዳዴ፣ አስቀድማችሁ ሐኪማችሁን አማክሩ።

ሰብለ፦ እናቴ ጨጓራዬን ያቃጥለኛል፣ ልቤን ይይዘኛል፣ ጭንቅላቴን ይወቅረኛል ትላለች። ስንት ጊዜ አስመረመርናት፣ ምንም የለም ተባልን። ድብርት ሊሆን ይችላል?

ሲስተር፦ ምን ምን እንደተመረመረች አልነገርሽኝም። የደም ማነስ ታይቷል? የታይሮይድ ሆርሞንስ? እንቅርት ባለበት አገር ይህ መታለፍ የለበትም። እሱ ንጹህ ከሆነ፣ አዎ፣ ሊሆን ይችላል። የእኛ እናቶች «ተደብሬአለሁ» ብለው አይመጡም። ሰውነታቸው ነው የሚናገርላቸው። አስመስለው አይደለም፣ ቃጠሎው እውነተኛ ነው።

ድብርት ለመለየት ዘጠኝ ጥያቄ ያለው ፒ.ኤች.ኪው-9 የሚባል መጠይቅ አለ። ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ይጠይቃል፣ በአማርኛም እንጠቀምበታለን። መጀመሪያ የሚጠይቀው ነገሮችን የመሥራት ፍላጎት ወይም ደስታ ስለማጣት ነው። አንዲት እናት ይህን ስጠይቃቸው «ደስታ? ልጅ ያሳደገ ሰው ምን ደስታ ያውቃል?» አሉኝ። በወረቀቱ መሠረት ምን ልሙላ? ወረቀቱን አስቀመጥኩና «ጎረቤት ቡና ሲጠራዎት ይሄዳሉ?» አልኳቸው። ዝም አሉ። ቆይተው «ጀበናዬን ካወረድኩት ስንት ጊዜው» አሉ። ከፋሲካ ጀምሮ ቡና አላፈሉም፣ የሰውም ቡና አልጠጡም። ለእኚህ ሴት የደስታ ማጣት ትርጉሙ ይህ ነው። አንቺም እናትሽን ምን እንደተወች እያት። ከዚያ ለሚያያት ሐኪም እሱን ንገሪው።

ማሜ፦ ግን ሲስተር ለጭንቀት የሚሆን ኪኒን ስሙን ብቻ ንገሪኝ።

ሲስተር፦ አልነግርህም። ከላይ መልሼልሃለሁ።

ስሜ ይቅር፦ ጫት የሚቅም ጓደኛ አለኝ። ማታ ማታ ደረቱ ላይ የሚቀመጥ ነገር አለ፣ ያንቀኛል ይላል። እብደት እየጀመረው ነው?

ሲስተር፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር! ጓደኛህ ስሙንም ሳይነግርህ አይቀርም፣ ዱካክ ነው። የሚቅሙ ሰዎች ሁሉ ያውቁታል። ጫቱን ያቋረጠ ወይም ያልቃመ ቀን ማታ በሕልሙ ይመጣበታል፣ ይጫነዋል፣ ያስፈራዋል። ይህ ጫት ሲቋረጥ ከሚመጡ ነገሮች አንዱ ነው። ቃሉን የማያውቅ ሐኪም ግን «የሚያንቀኝ ፍጡር አለ» የሚለውን ሰምቶ በቀጥታ ወደ ከባድ የአእምሮ ሕመም ሊወስደው ይችላል። ለዚህ ነው ሁልጊዜ ቃላችንን እንወቅ የምለው። ሰው «ዱካክ» ሲል፣ «ምች መታኝ» ሲል፣ «ልቤን ፈራሁ» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ጠይቆ መጻፍ ከምርመራው እኩል ነው።

በተቃራኒው ደግሞ ሁሉን በጫት ማመካኘት አለ። «ጫት ነው ያሳበደው» ይባልና ምርመራው እዚያው ያልቃል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አእምሮን ያነቃቃል፣ ብዙ ሲቃም ድምፅ ሊያሰማና ሰውን ተጠራጣሪ ሊያደርግ ይችላል። ግን ድምፁ ከጫቱ በፊት የነበረ፣ ጫቱ ደግሞ እሱን ለመርሳት የተጀመረ ሰውም አይቻለሁ። የትኛው ይቀድማል? ጫቱን ሲተው ድምፁ ይጠፋል ወይስ ይቆያል? ከምርቃና በኋላስ ጨብሲ አለ? መጠጡን ማንም አይናገርም፣ ጠይቁ። የጓደኛህ ነገር በእንቅልፍ ሰዓት ብቻ ከሆነና ቀን ደህና ከሆነ አታስፈራራው። ግን ይታይ።

ሳምሪ፦ ሲስተር፣ አንድ ሰው ለብቻው ካወራ መንፈስ ነው ወይስ በሽታ?

ሲስተር፦ ሳምሪ እባክሽ ወደ ላይ ውጪና የመጀመሪያውን መልስ አንብቢ። እንዲሁ «ለብቻው ካወራ» ብሎ ነገር የለም። ማነው? ከመቼ ጀምሮ?

ሳምሪ፦ እህቴ ናት። አባታችን ካረፈ ሰባት ወር ሆነው። ማታ ከሱ ጋር ታወራለች፣ ድምፁንም እሰማለሁ ትላለች።

ሲስተር፦ እንዲህ ብለሽ ብትጀምሪ ኖሮ። ነፍስ ይማር፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። የሞተ ወዳጅን ድምፅ መስማት፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ማየት፣ በሐዘን ጊዜ ጤነኛ ሰው ላይም ያጋጥማል። እብደት አይደለም። ለቅሶው ላይ ነበረች? ቀብሩንስ አይታለች?

ሳምሪ፦ የለችም። ቤይሩት ነበረች። መርዶውን በስልክ ነው የሰማችው።

ሲስተር፦ አያችሁ? እርሟን አላወጣችም። ሰልስቱም አርባውም አምልጧታል፣ አብሯት ያለቀሰ ሰው የለም። ይህ በምርመራ ካርድ ላይ መስፈር ያለበት ነገር ነው። በመጽሐፉ የተራዘመ ሐዘን የሚባል ሕመም አለ። ዲኤስኤም ለአዋቂ ሰው ቢያንስ 12 ወር ይላል፣ የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች መዝገብ፣ አይሲዲ-11፣ ደግሞ ቢያንስ 6 ወር። ሁለቱም ግን ሐዘኑ ከሰውየው ባህልና ሃይማኖት ልማድ ያለፈ መሆን አለበት ይላሉ። እኛ ጋ ሙት ዓመት ገና ሳይደርስ በመጽሐፉ ወር ብቻ መቁጠር አይበቃም። መቃብሩ ጋ ውሰዷት። ዘመድ ሰብስባችሁ አብራችሁ አልቅሱ። ምግብ ከተወች፣ ከአልጋ ካልወረደች አሳዩዋት። «ወደ እሱ ልሂድ»፣ «መኖር ምን ያደርግልኛል» የምትል ከሆነ ግን አንድ ቀን አታሳድሩ፣ ብቻዋንም አትተዋት። ስለዚህ ነገር በግልጽ ጠይቂያት። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣባትም።

ሳምሪ፦ እሺ ሲስተር። አመሰግናለሁ።

ቤዛ፦ የአራት ዓመት ልጄ ስሙን ስጠራው አይዞርም፣ አይናገርም። ኦቲዝም ነው?

ሲስተር፦ የልጆች ነገር የእኔ ሙያ አይደለም። መጀመሪያ ጆሮውን አስመርምሪ፣ የሕፃናት ሐኪም ይየው። «ወንድ ልጅ አፉ ይዘገያል» ብለው ቢያዘናጉሽ አትስሚያቸው።

የፋብሪካዋ፦ ፋብሪካ ነው የምሠራው፣ ሌሊት ፈረቃ። አምስት ሆነን አንድ ክፍል ተከራይተናል። እንቅልፍ የለኝም፣ ያስለቅሰኛል። ይሄ በሽታ ነው ወይስ ኑሮ?

ሲስተር፦ ሁለቱም ሊሆን ይችላል የኔ እህት። ቀን አምስት ሰው በሚገባበት በሚወጣበት ክፍል ማን ይተኛል? ፈረቃ መቀየር፣ ቤተሰብ ጋ ለጥቂት ቀን መሄድ የሚያስተካክለው ከሆነ ኪኒን ላያስፈልግሽ ይችላል። ግን «ድህነት ነው» ተብሎ የሚታለፍ ድብርትም አለ። ድሃ ስለሆንሽ ሕክምናው አይቀርብሽም። ያስለቅሰኛል ያልሽው ሁለት ሳምንት ካለፈው ነይ።

የቱላው መምህር፦ ይቅርታ ሲስተር፣ ከላይ ስሜታዊ ሆኜ ነበር። አንድ ጥያቄ አለኝ። ታማሚው አማርኛ ካልቻለስ?

ሲስተር፦ ችግር የለም መምህር። ይህ የእኔ ቁስል ነው። አንዲት የሲዳማ እናት ከልጅ ልጃቸው ጋር መጡ፣ ልጁ አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። በሲዳምኛ ረጅም ነገር ተናገሩ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ መቱ፣ አለቀሱ። ልጁ መሬት መሬት እያየ «ደህና ነኝ ትላለች» አለኝ። አያቱ መሞት እንደሚመኙ እንዴት ብሎ በአፉ ይናገር? በኋላ ሲዳምኛ የምትችል ባልደረባዬ ስትጠይቃቸው ነው የገባኝ። ልጅን አስተርጓሚ አታድርጉ፣ ባልም ለሚስቱ አያስተርጉም። ቋንቋውን የሚችል ባለሙያ ጠይቁ፣ መብታችሁ ነው። አንገት መድፋትንም እንዲሁ። ትልቅ ሰው ፊት ዓይን አለማየት ለእኛ አክብሮት ነው፣ አንዳንዱ ግን የሕመም ምልክት ብሎ ይጽፈዋል።

ዳያስፖራ፦ አያቴን እዚህ ውጭ አገር መርምረው ዓመተ ምሕረትና ሰዓት ተሳስታለች፣ የመርሳት በሽታ ነው አሉን።

ሲስተር፦ በእኛ አቆጣጠር መልሰው እንዳይሆን! ዓመቱ በሰባት ወይም በስምንት፣ ሰዓቱ በስድስት ይለያያል። በአማርኛ እንደገና ይጠየቁ በሉ።

ማሜ፦ ሲስተር እኔን ረሳሽኝ።

ሲስተር፦ አልረሳሁህም ማሜ። ነገ ጠዋት የሚቀርብህ ጤና ጣቢያ ሂድ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነና ምን ሲሆን እንደሚብስ ጽፈህ ያዝ።

የአቶቴው፦ ሲስተር፣ አሁን አክስቴ ጋ ደወልኩ። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ስላት አለቀሰች። ከጥቅምት ጀምሮ ነው አለች። መጀመሪያ እንቅልፉ ነው የጠፋው፣ ከዚያ ምግቡ ተመርዟል ማለት ጀመረ። ለማንም አልተናገረችም ነበር። ሐኪም ቤት ከሄድኩ ጠበሉን ያስጥሉኛል ብላ ነው የፈራችው።

ሲስተር፦ ማንም አያስጥላትም። ሰኞ በጠዋት ይዛችሁት ኑ፣ እሷም አብራ ትምጣ፣ ከሁላችሁም በላይ የምፈልጋት እሷን ነው። ጠበሉንም በሃይላንዱ ይዛ ትምጣ።